ጽጌረዳው በማን እጅ ይድረስ? በኢንተርኔት ማዘዝና ከሰፈር አበባ ቤት መግዛት

የካቲት 7 ሲቃረብ በግቢያችን አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የሚሉትን ይህን ዕለት (በአንዳንዱ ዓመት የካቲት 6 ላይ ይውላል) ማክበር ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር ለሌላ ጽሑፍ ይቆየን። እኔ ማንሳት የፈለግሁት አበባ ለመስጠት ቆርጦ ስለተነሳው ሰው ነው። ኪሱ ውስጥ ያለችው ያው የተማሪ ብር ናት። ታዲያ ይህ ሰው ስልኩን ከፍቶ በቴሌግራም ይዘዝ ወይስ በእግሩ ሄዶ ባሕር ዳር ካሉት አበባ ቤቶች ከአንዱ ይግዛ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን አበባ ምን ዓይነት ሸቀጥ እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና በመካከል ስንት እጅ እንደሚነካው ማወቅ ያስፈልጋል።

አበባ መስጠት ለእኛ እንግዳ አይደለም

አንዳንዶች አበባ መስጠትን ከፊልም የመጣ ነገር አድርገው ያዩታል። እንደሚታወቀው ግን ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ፣ ወንዶች ልጆችም የሳሉትን አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ለፍቅርም ቢሆን በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ በሎሚ መወርወሩ የቆየ ልማድ ነው። የእነዚህ ስጦታዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሰጪው ራሱ ያየውን ነገር በገዛ እጁ ለተቀባዩ ይሰጣል። ሎሚው የደረቀ ከሆነ ወርዋሪው ያውቃል፣ ልጅቷም ታውቃለች። በትዕዛዝ የሚላከው ጽጌረዳ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን የከፈለው ሰው አበባውን ላያየው ይችላል።

የተቆረጠ አበባ ምን ዓይነት ሸቀጥ ነው?

እኔ ያደግሁት ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው መራዊ አካባቢ ነው። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ ለማልማት የተሠራ ሲሆን፣ ውኃውም ለገበሬው የሚደርሰው በተራ ነው። ተራ ያለፈው ሽንኩርት ቢጠወልግም ሥር ስላለው ውኃ ሲያገኝ ቀና ይላል። የተቆረጠ ጽጌረዳ ግን ሥር የለውም። ከተቆረጠባት ሰዓት ጀምሮ የሚኖረው በውስጡ ባስቀረው ምግብና በዘንጉ በኩል በሚስበው ውኃ ብቻ ነው። ይተነፍሳል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና የያዘውን ይጨርሳል። ለዚህ ነው ላኪዎች ከማሳ እስከ አውሮፕላን ድረስ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለ ቅዝቃዜ ሊይዙት የሚደክሙት። ዘንጉ ያለ ውኃ ሲቆይ በቀጫጭን ቱቦዎቹ ውስጥ አየር ይገባና መንገዱን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ባልዲ ሙሉ ውኃ ውስጥ ቢቆምም አይጠጣም።

እንግዲህ አበባ ስንገዛ የምንገዛው ቀረውን ዕድሜውን ነው ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት የተቆረጠውና ካርቶን ውስጥ ሦስት ቀን የሰነበተው ጽጌረዳ በፎቶ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው በማግስቱ ነው።

ከማሳ እስከ እጅ

አገራችን በአበባ ኤክስፖርት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። አብዛኞቹ እርሻዎች በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በባቱ (ዝዋይ) ዙሪያ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይቀርባሉ። ብዙው ጽጌረዳ የሚሄደው ወደ ኔዘርላንድ ነው። እዚያ አልስሜር በተባለው ቦታ የታወቀው ጨረታ የሚካሄደው ከእኛ ጨረታ በተቃራኒው ነው። ዋጋው ከላይ ይጀምርና እየወረደ ይመጣል፤ ቀድሞ ያስቆመው ነጋዴ ይገዛል። አበባ የሚጠብቅ ሸቀጥ ስላልሆነ ጨረታውም ፈጣን ነው።

በባሕር ዳር ዙሪያም የአበባ ልማት ተሞክሯል። ኤስመራልዳ ፋርምስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እርሻ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በነበረው ተቃውሞ ወቅት ተቃጥሎ፣ ኩባንያው 10 ሚሊዮን ዩሮ የሚገመት መዋዕለ ንዋይ እንደወደመበት መግለጹ ይታወሳል። ያም እርሻ ቢሆን የቆመው ለውጭ ገበያ ነበር። እናም ባሕር ዳር ላይ ጽጌረዳ የሚገዛ ሰው «ከየት የመጣ ነው? መቼ ነው የገባው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ከአዲስ አበባ ከሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል፤ የዓባይን በረሃ ሙቀትም አይቷል።

«በኢንተርኔት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አሠራሩ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው አስተላላፊ የሚባለው ነው። አስተላላፊው አበባ የለውም፤ ትዕዛዝና ገንዘብ ተቀብሎ ተቀባይዋ ባለችበት ከተማ ላለ አበባ ቤት ያስተላልፋል። ይህ ኢንተርኔት የፈጠረው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 አሜሪካ ውስጥ ጥቂት አበባ ሻጮች ተሰባስበው ትዕዛዝ በቴሌግራፍ የሚለዋወጡበት ማኅበር አቋቁመው ነበር። አስተላላፊው ድርሻውን ስለሚያስቀር፣ ወደ አበባነት የሚለወጠው ገንዘብ ከተከፈለው ያነሰ ነው። ሁለተኛው ከራሱ መጋዘን በካርቶን የሚልከው ነው። ይህ ጥሩ መንገድና ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ባለበት አገር ያምራል። ሦስተኛው እኛ የምናውቀው ነው፤ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ፎቶ ያያሉ፣ ይደውላሉ፣ በቴሌብር ይልካሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ መንገድ በጣም ቀልሏል። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለብዙ ወራት ቻናል የሚባል ነገር አልነበረም። ያኔ የሠራው በእግር መሄድና በስልክ መደወል ነበር።

የአክስቴ ልጅ ጽጌረዳ

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ ነው። እጮኛው ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር መምህርት ናት። ቀለበት ያሰሩበት ቀን ሲደርስ ከአንድ ድረ ገጽ 24 ቀይ ጽጌረዳ አዘዘላት። ቅጹ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል። የእኛ ከተማ አድራሻ ግን «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ» ነው። ስለዚህ አድራሹ ለራሷ ደውሎ «አበባ ይዤ ነበር፣ ቤቱ የት ነው?» አላት። ድንገተኛው ስጦታ እዚያው ላይ ድንገተኛነቱ ቀረ። የመጣው በማግስቱ ነበር፤ በአውቶቡስ ሲያድር ላብ ያጠመቀው 15 ጽጌረዳ፣ አንገቱ የተቆለመመ።

ይህን የሰማሁት ቆይቼ ነው። እሷ ለእሱ የነገረችው «ደርሶኛል፣ በጣም ያምራል» ብላ ነበር። ለምን እንደዋሸችው ስጠይቃት «ስጦታ ላይ ሒሳብ ይወራል እንዴ አንቺ? ደግሞ ስንት ሰዓት ሠርቶ ነው የላከው» አለችኝ። ፎቶ የላከችለት የካርዱን ብቻ ነው። እሱም ደስ ብሎት በዓመቱ ከዚያው ቦታ አዘዘ።

እኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሌላ ዕቃ ስናዝዝ የከፈለውም የሚያየውም አንድ ሰው ነው፤ ጫማው ቢቀደድ እንጮኻለን። በአበባ ግን የከፈለው አያይም፣ ያየችው አትናገርም። በዚህ መካከል ሻጩ ቅሬታ አይሰማም፤ ስለዚህ የሚያርመው ነገር የለም። ችግሩ ኢንተርኔቱ አይደለም፤ አበባውን ስለ ከፋዩ ሆኖ የሚያይ ዓይን አለመኖሩ ነው።

የሰፈሩ አበባ ቤትስ?

ፍጹም ነው አልልም። ስንቶቹ ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ በጥር የሠርግ ሰሞን ለሙሽራ መኪና የተረፈውን ለየካቲት የሚያቆይም አይጠፋም። አንዳንዱ ጋ ከፕላስቲክ በስተቀር ምንም አይገኝም። ዋጋም እንደ ደንበኛው አለባበስ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ሆኖም አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ከመክፈላችን በፊት እናያለን፣ እንነካለን። ከእንቡጡ ሥር በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት፤ ጠንከር ካለ ገና ነው፣ ከለሰለሰ አልፎበታል። የባልዲውን ውኃ አሽትቱት። የዘንጉን ጫፍ እዩት፤ ጠቁሮና ሟሙቶ ከሆነ ሰንብቷል። 12 ዝለታም ከመግዛት 3 ደኅና መግዛት ይሻላል፤ ለተማሪ ኪስም ይስማማል። ደግሞም ሻጩ ነገ መንገድ ላይ ያገኘናል፤ ይህ ራሱ አንድ ዋስትና ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እዚሁ ከተማ ላለን ሰዎች መልሱ ግልጽ ነው፤ ሄዶ ማየት። ሩቅ ላለ ሰው ግን «አትላክ» ማለት አይቻልም። ናፍቆት በምን ይወጣ? ለእሱ የምመክረው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ትዕዛዝ ተቀባዩን «አበባውን የሚያዘጋጀው ማን ነው? የተቀባይዋ ከተማ ውስጥ ነው?» ብሎ መጠየቅ። መልስ ካጣ መተው። ከተቻለ በቀጥታ ለከተማው አበባ ቤት መደወል ይሻላል፤ የአስተላላፊው ድርሻ ወደ አበባነት ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን የተሠራው እቅፍ ፎቶ ሲመጣ መጨረስ። የካታሎግ ፎቶ የማንም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የተቀባይዋን ሳይሆን የእህቷን ወይም የጓደኛዋን ስልክ መስጠት። ይህ ሰው ቤቱን ይመራል፣ ምሥጢሩን ይጠብቃል፤ ከሁሉ በላይ እውነቱን ይናገራል። የአክስቴ ልጅ የጎደለው ይህ ሰው ነበር።

ለምትቀበሉትም አንድ ቃል አለኝ። ዘንጉን በስለታም ቢላ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አንሱ፤ ውኃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ከፀሐይና ከበሰለ ሙዝ አርቁት፤ የበሰለ ፍራፍሬ የሚያወጣው ኢትሊን የተባለ ጋዝ አበባን ያስረጃል። ጠውልጎ ከመጣ ደግሞ ለላኪው በፍቅር ንገሩት። ዝም ማለት ይሉኝታ ነው፤ ግን ገንዘቡን በየዓመቱ ውኃ ይበላዋል።

መቼም አንድ ምኞት ሳልናገር አላልፍም። የቆጋ ሽንኩርትና ድንች ማለዳ ተጭኖ ረፋድ ላይ ባሕር ዳር ገበያ ይደርሳል። አንድ ገበሬ ከማሳው ጥግ ጥቂት መደብ ጽጌረዳ ቢተክልበትና ከከተማው አበባ ቤት ጋር ቢስማማ፣ የዚህ ከተማ ሙሽራ የዚያኑ ዕለት የተቆረጠ አበባ ልትይዝ አትችልም ትላላችሁ? የእርሻ ትምህርት የሚማሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው።