ነፋሱ በየት በኩል ገባ?

እህልና ማዳበሪያ የሚያመላልስ ፒክ አፕ ሲፈጥን ጋቢናው ውስጥ የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ሹፌሩን ያሰለቻል፤ የሌላ መኪና ክላክስም ይሸፍንበታል። ምንጩ ምንድን ነው?

ዋሽንት ለምን ይጮኻል? ትንፋሽ የአፉን ጠርዝ ሲመታ ነው። መኪናም እንዲሁ ነው። ነፋስ በጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ያፏጫል። ፍጥነት ሲጨምር ጩኸቱም ይጨምራል።

መጀመሪያ እንለይ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ካለ፣ የነፋስ አይደለም። ከአስፋልት ወደ ጠጠር መንገድ ስንገባ ድምፁ ከተለወጠ ጎማውን እንጠርጥር።

ቀጥለን በሩን እንፈትሽ። በሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ እንዝጋና ወረቀቱን እንሳብ። ጠበቅ ብሎ ከተያዘ ደህና ነው። ሾልኮ ከወጣ ግን ጎሚኒው፣ ማለት የበሩ ዙሪያ ላስቲክ፣ አርጅቷል ወይም በሩ ዘሟል። ዙሪያውን በየስንዝሩ እንሞክር።

በሩ ደህና ከሆነስ? የስፖኪዮውን እግር፣ የፊት መስተዋቱን ዳርና ፖርቶ መጋላውን እንይ። አንዱን ክፍተት ብቻ በፕላስተር ሸፍነን እንሂድ። ድምፁ ከጠፋ ቦታው ተገኘ። ካልጠፋ ፕላስተሩን አንስተን ወደ ሌላው እንለፍ። ሁሉን ባንዴ ከሸፈንን የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ሹፌሩ መንገዱን ይይ፤ የሚያዳምጠው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ይሁን።

ነገሩ የጩኸት ብቻ አይደለም። ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ዝናብ ያስገባል። ውሃ የገባበት ብረትም ይዝጋል። ሳይለዩ ጎማ መለወጥ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ብጣሽ ወረቀት ብዙ ብር ያድናል።