አጥምዶ መልቀቅ፦ ምሕረት ወይስ ሥቃይ?

በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በሚገኘው ታላቅ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች አሉባቸው። የሐይቁ ነባር የሆነውን «ከትስሮት ትራውት» የያዘ ሰው ዓሣውን ሳይጎዳ ወደ ውኃው መመለስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1994 በሐይቁ መኖሩ የተረጋገጠውን «ሌክ ትራውት» የያዘ ግን መግደል ይኖርበታል፤ መጤው ነባሩን እየበላ ቁጥሩን አመናምኖታልና። ነባሩ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጣ ድቦችንና ንሥሮችን ይመግባል። መጤው ግን በጥልቁ ውኃ ስለሚኖር ምትክ ሊሆን አይችልም።

ስዊዘርላንድ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ፣ አስቀድሞ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ከልክላለች። ለምግብ የማይፈለግን ፍጡር ለመዝናኛ ሲባል ማሠቃየት ተገቢ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ የደንቡ መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪታንያ የታተመ ጥናት ትራውት ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ተቀባዮች እንዳሉት አሳይቷል። ሕመሙን እንደ ሰው ይሰማው እንደሆነ ግን ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ።

የተለቀቀ ዓሣ ሁሉ በሕይወት አይተርፍም። ረጅም ትግል ያደክመዋል፤ ከውኃ ውጭ መቆየት ትንፋሽ ያሳጣዋል፤ ደረቅ እጅ ደግሞ ከበሽታ የሚጠብቀውን አንጸባራቂ ልባጭ ይገፍፈዋል። ስለዚህ ዓሣው በቶሎ፣ በእርጥብ እጅና ከውኃው ሳይወጣ ሊፈታ ይገባል። የማጥመድ ገደብ የዝርያውን ቁጥር ይጠብቃል፤ የእያንዳንዱ ዓሣ ዕጣ ግን በአጥማጁ እጅ ነው።