ትንበያው ሲስት ዘሩን ማን ይመልሳል?

የካቲት ሲገባ የኩታበር ደጋ ገበሬ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። አንድ ሁለት ቀን ካካፋ ማሳው ላይ ወርዶ አፈሩን በእጁ ይምሳል፤ እርጥበቱ ላይ ላዩን ነው ወይስ ወደ ታች ዘልቋል? ከዘለቀ በሬውን ይጠምዳል። የሚዘራው ገብስ የሚወጣው ቤተሰቡ ከሚበላበት ጎተራ ነው። ዝናቡ ጀምሮ ከተወ ቡቃያው ይደርቃል፤ ድጋሚ ለመዝራት ሌላ ዘር መገኘት አለበት።

በደቡብ ወሎ ደጋዎች የአየር ትንበያን ማመን አለማመን የሚመዘነው በዚህ ዘር ነው። በኩታበር፣ በደላንታና በለጋምቦ ከፍታዎች ክረምቱ በረዶ፣ ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ ይዘው ስለሚመጡ ብዙው ገበሬ ተስፋውን የሚጥለው በበልጉ ላይ ነው። በልግ ደግሞ ለትንበያ አስቸጋሪው ወቅት ነው። ለክረምቱ የኤልኒኖ ሁኔታ ቀድሞ ፍንጭ ይሰጣል፤ የበልጉ እርጥበት ግን በህንድ ውቅያኖስ ጠባይ ቶሎ ቶሎ ይዋዥቃል። ኢትዮጵያዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ዱላ ሻንቆ ከፒየር ካምበርሊን ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ የተደጋገመባቸው ዓመታት ከኢትዮጵያ ድርቅ ጋር እንደሚገጣጠሙ አሳይተዋል። በማዳጋስካር ዙሪያ የሚነሳው ማዕበል የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህም ይደርሳል።

ወሎ ማስጠንቀቂያ አጥቶ አያውቅም፤ ያጣው ሰሚ ነው። በ1965 ዓ.ም. ገበሬው በሬውን እየሸጠ ወደ መንገድ ሲወጣ የረሃቡ ምልክት ግልጽ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የረሃብተኛውን ፎቶግራፍ ይዘው አዲስ አበባ ቢገቡም ቤተ መንግሥቱ ነገሩን ሸፋፈነው። ከዚያ እልቂት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ተናገረ፤ በኮሚሽነሩ በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በኩልም 450,000 ቶን እህል ጠየቀ። የተገኘው ከተጠየቀው እጅግ ያነሰ ነበር። የዚያ ዓመት የወሎ በልግ ከሸፈ፤ ደርግ ግን የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ሲያሰናዳ ከረመ። ዓለም የነቃው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ረሃብተኞች ምስል በቴሌቪዥን ሲታይ ነው።

ዛሬ የትንበያው አቅም ሌላ ነው። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ፣ በየወሩና በየወቅቱ ትንበያ ያወጣል፤ ለምሥራቅ አማራም ኮምቦልቻ ላይ ማዕከል አለው። የወቅቱ ትንበያ የሚነገረው በዕድል ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል በመቶ ነው ተብሎ። ከመቶ 45 «ከመደበኛ በታች» ሲባል ቀሪው 55 ለሌላው ሁሉ ክፍት ነው። ወሬው በወረዳና በቀበሌ አልፎ ገበሬው ጆሮ ሲደርስ ግን መቶኛው በመንገድ ቀርቶ «ዘንድሮ ዝናብ የለም» ይሆናል። ከዚያ አንድ ጥሩ ዝናብ ከጣለ ባለሙያው ውሸታም ይባላል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ቻርሊ የተባለው ማዕበል ወደ ፍሎሪዳ ሲመጣ ብዙ ሰው ያየው በካርታው መሃል የተሰመረችውን ወደ ታምፓ የምታመራ መስመር ነበር። ማዕበሉ ታጥፎ ፑንታ ጎርዳን መታ፤ ከተማዋ ግን ከመጀመሪያውም በማስጠንቀቂያው ክልል ውስጥ ነበረች። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፦ ማዕበሉ ቢቀር የሸሸው ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የኩታበር ገበሬ ግን መሬት የገባ ዘሩን አይመልስም።

በዚህ ላይ ኩታበር ሸለቆና ተራራ የተደራረበበት አገር ነው፤ በአንዱ ጋራ ጀርባ ሲዘንብ ፊት ለፊቱ ደርቆ ሊውል ይችላል። ለሰፊ አካባቢ የተነገረ ትንበያ ለአንድ ቀበሌ ልክ አይሆንም። ስለዚህ ገበሬው የደመናውንና የነፋሱን አመጣጥ ያያል፤ የሽማግሌ ምክር ይሰማል፤ ዝናብ ሲጠፋም እስላሙ በዱዓ፣ ክርስቲያኑ በምህላ ይማጸናል። ይህን ሁሉ ኋላ ቀርነት ብሎ የሚተው የግብርና ባለሙያ አድማጭ አያገኝም።

ትንበያ መሳሳቱ የታወቀ ነው፤ የሚያስቀይመው ኪሳራው በሰሚው ላይ ብቻ መውደቁ ነው። ስለዚህ በየቀበሌው መቶኛው ሳይቆረጥ ይነበብ፤ ወቅቱ ሲያልፍም የተባለውና የሆነው ጎን ለጎን ይነገር። ለድጋሚ መዝሪያ የሚሆን የመጠባበቂያ ዘር በማኅበር ይቀመጥ። ዝናብ ሲያጥር ካሣ የሚከፍለው መድን በትግራይ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ተሞክሮ ወደ አማራም ተሻግሯል፤ ለደጋውም ይዳረስ። «ዝራ» ወይም «ቆይ» የሚል መሥሪያ ቤት ምክሩ ሲስት ለዘሩ ድርሻውን ካዋጣ፣ ገበሬው በሚቀጥለው የካቲት ምን እንደተባለ ራሱ ይጠይቃል።