የመኖ ገንዳ ርዝመትና የበጎች ደኅንነት በድርቅ ወቅት

በድርቅ ወቅት ለበጎች የሚታደለው መኖ ብዙውን ጊዜ በጥንቃቄ ይመዘናል፤ በምን ያህል ርዝመት ገንዳ ላይ እንደሚቀርብ ግን እምብዛም አይታሰብም። ሆኖም በአንድ በረት ከሚቀለቡ በጎች የትኛዋ እንደምትከርም፣ የትኛዋም እንደምትሞት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

በግ ከመንጋው ጋር በአንድነት የሚግጥ፣ በአንድነትም የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። በሰፊ መስክ ደካማዋ ከጉልበተኛው ራቅ ብላ ድርሻዋን ታገኛለች። ግጦሹ ደርቆ መንጋው በበረት ሲቀለብ ግን መሸሻው ይጠፋል። ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ተመጥኖ በአጭር ገንዳ ሲቀርብ ሙክቱና አውራው ይቀድማሉ፤ ጠቦቶች፣ ያረጁና እርጉዝ በጎች ከኋላ ይቆማሉ። ገንዳው በጥቂት ደቂቃ ባዶ ስለሚሆን ተራ የሚባል ነገር የለም። በመዝገብ ለሁሉም የታደለው መኖ በተግባር የሚደርሰው ለከፊሎቹ ነው። ከቀዬአቸው የተነሡ ቤተሰቦች በጎቻቸውን በአንድ በረት ሲያቀላቅሉማ ተገፍተው የሚቀሩት የአንዲት ባልቴት ሦስት በጎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ጉዳቱ በሁለት ወገን ነው። ፅንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው ከ5 ወሩ እርግዝና በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ የተገፋች እናት፣ በተለይም መንታ ከያዘች፣ የገዛ ስቧን አቅልጣ ትታመማለች፤ ብትወልድም ወተቷ ያንሳል። በአንጻሩ ያልለመደውን እህል የጎሰጎሰው ጉልበተኛ በሆዱ አሲድ በዝቶበት በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል።

ተመጥኖ የሚሰጠው መኖ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርስ ዘንድ ለአንድ ትልቅ በግ 45 ሳንቲሜትር ያህል የገንዳ ጠርዝ ያስፈልጋል፤ አነስተኛ ቁመና ላላቸው የደጋ በጎች ጥቂት ቢቀነስ አይጎዳም። ድርቆሽ ቀኑን ሙሉ የማይታጣ ከሆነ በተራ መብላት ስለሚቻል ቦታው ሊጠብ ይችላል። ጣውላ ያላገኘ አርቢ፣ በአውስትራሊያ በድርቅ ጊዜ እንደሚደረገው፣ እህሉን በደረቅ መሬት ላይ በረጅም መስመር ቢዘረጋው ግፊያው ይቀንሳል።

የማደሪያውም ስፋት እንደዚሁ ነው። በኖርዌይ በተደረገ ጥናት የአንድ በግ መተኛ ከ1 ካሬ ሜትር ወደ ግማሽ ሲቀነስ፣ በአንድ ጊዜ የሚተኙት አንሰው መገፋፋቱ በዝቷል።

ጠጉር ክሳትን ስለሚሸፍን በዓይን ማየት አይበቃም፤ በየሁለት ሳምንቱ ጀርባቸውን በእጅ እየዳሰሱ አከርካሪያቸው የሾለውንና እርጉዞቹን ለይቶ ማብላት ይገባል።