ስለ እንጨት መዝጊያ አመራረጥ፣ አገጣጠምና አጠባበቅ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከቡሬ ወደ ምዕራብ በምትገኘው በሽንዲ ከተማና በወንበርማ ወረዳ ቀበሌዎች፣ ገበሬው የዓመት ድካሙን፣ ይኸውም በቆሎውን፣ ጤፉንና በርበሬውን አግብቶ የሚያኖርበት ቤት ዋና ጠባቂው መዝጊያው ነው። ግድግዳው በሚገባ ቢመረግ፣ ጣራውም በቆርቆሮ ቢከደን፣ መዝጊያው የተጣመመ እንደ ሆነ በክፍተቱ አይጥ ይገባል፤ ዝናብ ወደ ውስጥ ይረጫል፤ ሌባም እጁን የሚያሾልክበት ስፍራ አያጣም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የእህል መጋዘን የሚያሠሩ ሹማምንትም መዝጊያ የሚገዙት በሕዝብ ገንዘብ ነውና፣ ደኅናውን ከመጥፎው ለይተው ሊያውቁ ይገባል።

መዝጊያ በተበላሸ ጊዜ ብዙ ሰው እንጨቱን በስሙ ይነቅፋል፤ «ባሕር ዛፍ ስለ ሆነ ነው፤ ዋንዛ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰ» ይላል። ዳሩ ግን ይህን የመሰለው ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዛፉ ዐይነት ሳይሆን፣ እንጨቱ ሳይደርቅ ከመሠራቱ የተነሣ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኰማተራል፤ መኰማተሩም በሁሉ አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ የሚያጥረው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ በዙሪያው የሚኰማተረው ከመሐል ወደ ልጡ ከሚኰማተረው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ጣውላ የሚጎብጠውና የሚጣመመው በዚህ ምክንያት ነው። የደረቀም እንጨት ቢሆን በክረምት ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ መልሶ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ይህ መለዋወጥ ትንሽ ስለ ሆነ ዐዋቂ አናጢ አስቀድሞ ሊያስብለት ይችላል።

ስለ ምርጫው። ከአገራችን ዛፎች ዋንዛ ለመላጊያና ለመሮ የሚመች፣ ሲደርቅም ብዙ የማይጣመም በመሆኑ ለመዝጊያ የታወቀ ነው። ጥድ ከመሐሉ ቀላ ያለው እንጨት ምስጥን ይቋቋማል፤ ምስማር ሲመታበት ግን ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል። ዝግባ ለሥራ ቀላል ቢሆንም ምስጥ ስለሚያጠቃው ከውጭ በር ይልቅ ለውስጥ በር ይሻላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ጠንካራና በያለበት የሚገኝ ነው፤ ጕድለቱ ሲደርቅ መሰንጠቁና መጣመሙ ስለ ሆነ፣ ከሌሎቹ ይልቅ በዝግታና በጥንቃቄ መድረቅ አለበት። ከማንኛውም ዛፍ ቢሆን ከልጡ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍልና የግንዱ እምብርት ያለበት ጣውላ ለመዝጊያ አይሁን፤ የመጀመሪያውን ነቀዝ ይበላዋል፤ ሁለተኛውም ይሰነጠቃል።

እንጨቱ የመጣበትንም ስፍራ መጠየቅ ተገቢ ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን በስማቸው ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 542/1999፣ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተተክቷል። ሕጉ ቢለዋወጥም ነገሩ አልተለወጠም፤ በማሳ መካከል ቆሞ ጥላ የሚሰጠውና በአበባው ንብ የሚጠራው ዋንዛ ለመዝጊያ እስኪበቃ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ይህን ያህል የቈየ ዛፍ በእርጥቡ ተሠርቶ በጥቂት ክረምት ውስጥ ተጣሞ ቢጣል፣ ዛፉንም ገንዘቡንም ማጥፋት ነው። በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ከእርጥብ ዋንዛ ይበልጣል።

ስለ ማድረቁ። ዝናብ ካቆመ በኋላ ግንዱ ተቆርጦ ወዲያው በመጋዝ ተሰንጥቆ ጣውላ ቢሆን፣ በጋው በሙሉ ለማድረቂያ ይሆናል። ጣውላው ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ፣ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት ስፍራ ይደረደራል። በየድርድሩ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን በትሮች በየ50 ሳንቲ ሜትር ይገባሉ፤ በትሮቹም ከታች እስከ ላይ አንዱ በሌላው ትክክል ሊውሉ ይገባል፤ አለዚያ ጣውላው በመካከላቸው ይጎብጣል። ከላይ ድንጋይ ይጫንበታል። እርጥበት በጣውላው ጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ቀለም ወይም ሰም ይቀባል። በፀሐይ ማስጣት ሥራውን የሚያፋጥን ይመስላል፤ ነገር ግን ላዩ ቀድሞ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር እንጨቱን ያሰነጥቀዋል።

መድረቁን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ ለሌለው ሰው ሚዛን ይበቃዋል። ከድርድሩ መካከል አንድ ጣውላ ምልክት አድርጎ በየሁለት ሳምንቱ ይመዝናል፤ ክብደቱንም ይጽፋል። ለምሳሌ 10 ኪሎ የነበረው 8፣ ከዚያም 7 እያለ ይወርዳል፤ በበጋ ወራት ሁለት ሦስት ጊዜ ተመዝኖ ክብደቱ አልቀንስ ካለ፣ እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተስተካክሏልና ለሥራ ደርሷል። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ ይህ ወራት ይፈጃል፤ የወፈረውም ይዘገያል።

ስለ አሠራሩ። በቀድሞ ዘመን መዝጊያ ከአንድ ወፍራም ግንድ ተጠርቦ፣ ከላይና ከታች በወጣለት ጥርስ በጉበኑና በደፉ ጕድጓድ ውስጥ ይዞር ነበር። ዛሬ ያን የሚያህል ግንድ በቀላሉ ስለማይገኝ መዝጊያ ከብዙ ጣውላ ይገጠማል። ጣውላዎቹ ጐን ለጐን ቆመው በአግዳሚ የሚያያዙ ከሆነ ሰያፍ እንጨት ይጨመርበታል። የሰያፉም እግር በማጠፊያው በኩል ከታች፣ ራሱ በቍልፉ በኩል ከላይ ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን የመዝጊያው ክብደት በሰያፉ ወርዶ ወደ ታችኛው ማጠፊያ ያርፋል። መዝጊያው በዙሪያው ክፈፍ ያለው ከሆነ ግን፣ በመካከል የሚገባው ጣውላ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ምስማርና ያለ ሙጫ ልቅ ሆኖ ይቀመጥ፤ በክረምት ሲያብጥ ክፈፉን አይገፋም፤ በበጋ ሲቀንስም አይሰነጠቅም።

ስለ አገጣጠሙ። መቃኑ በቱምቢ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እግሩም በአፈር ውስጥ አይቀበር፤ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ ይረፍ። ከባድ መዝጊያ ሦስት ማጠፊያ ያስፈልገዋል። በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ከጐንና ከላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው። በእህል ቤት ከታች ያለው ክፍተት ከ6 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል፤ ከዚህ የሰፋ እንደ ሆነ ለትንሽ አይጥ መግቢያ ይሆናልና። የመዝጊያው ታች እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በቆርቆሮ ቢለበጥ አይጥ እንጨቱን አይቦረቡረውም።

ስለ አጠባበቁ። ቀለም ወይም ዘይት ሲቀባ ከፊቱና ከጀርባው ሌላ የላዩና የታቹ ጠርዝ እንዳይረሳ፤ ውሃ በብዛት የሚጠጣው በጠርዙ ነውና። የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል፤ ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ግን በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ተዘርግቶ በውጭ ይድረቅ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት በእህል ቤት መዝጊያ ላይ አይቀባ። ምስጥ በድንጋዩና በመቃኑ ላይ የጭቃ መንገድ እየሠራ ስለሚወጣ በየሳምንቱ መርምሮ ማፍረስ ያስፈልጋል። በሐምሌ አብጦ የጠበበውን መዝጊያ ደግሞ ወዲያው በመላጊያ ለመቀነስ መቸኰል አይገባም፤ የማጠፊያው ብሎን መላላቱ አስቀድሞ ይታይ፤ በሐምሌ ብዙ የተላገ መዝጊያ በጥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያሳያልና።

እንግዲህ መዝጊያ የሚያሠራ ሹም ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት የጣውላው ክብደት በየጊዜው የተጻፈበትን ወረቀት ይጠይቅ፤ የእንጨቱን መነሻ ይመርምር፤ የሰያፉን አቅጣጫና የታቹን ክፍተት በዐይኑ ይይ። ስለ ማድረቂያው ወራትም ውሉ አስቀድሞ ይናገር፤ ግንቦት ላይ ታዞ በሰኔ እንዲደርስ የሚጠየቅ አናጢ እርጥብ እንጨት ከመሥራት በቀር ምርጫ የለውምና። ይህ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አንድ በጋ አስቀድሞ ማሰብን ነው፤ የሚጠብቀውም የገበሬውን የዓመት እህልና የሕዝብን ገንዘብ ነው።