የወንዝ ዳር የእግር ጉዞና የቡልቡላ ገበያ

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው አውራ ጎዳና አዳሚ ቱሉን ካለፈ በኋላ ቡልቡላ ከተማ ይደርሳል፤ ከተማይቱ ስሟን የምትጋራው ወንዝም በአቅራቢያዋ ይፈሳል። በመኪና የሚያልፈው መንገደኛ ሻሂ የጠጣ እንደ ሆነ የሻሂውን፣ ጎማው የተነፈሰበት እንደ ሆነ የጎማውን ማስጠገኛ ይከፍላል፤ ከዚህ የበለጠ ለከተማይቱ የሚተወው ገንዘብ ጥቂት ነው። የወንዙን ዳር ይዞ በእግሩ የሚሄድ እንግዳ ግን በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስለሚጓዝ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይደክመዋል። ለነጋዴ ደግሞ ደክሞት የሚቀመጥ እንግዳ ሮጦ ከሚያልፈው ይሻላል።

ነገሩ ዛሬ ሊታሰብበት የሚገባበት ሌላም ምክንያት አለ። ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ የሚዘልቀው ፈጣን መንገድ እስከ ባቱ ያለው ክፍል ለአገልግሎት ክፍት ሆኗል። ፈጣን መንገድ በባሕርዩ ከተሞችን እየሸሸ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ በአላፊ መኪና ላይ ብቻ ተመሥርቶ የኖረ ሱቅና ምግብ ቤት ደንበኛው ሆነ ብሎ ወደ እርሱ የሚመጣበትን ምክንያት መፈለግ ይኖርበታል። የወንዝ ዳር ጉዞ ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዐይነቱ ንግድ እንዴት እንደሚቋቋም ለመረዳት በእንግሊዝ አገር በዮርክሽር የምትገኘውን ኢንግልተን የተባለችውን መንደር መመልከት ይጠቅማል። ትዊስና ዶ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ወንዞች በገደል መካከል እየወረዱ ከመንደሪቱ ዘንድ ይገናኛሉ። የአገሩ ሰዎች በወንዞቹ ዳር የእግር መንገድ ጠርገው፣ ደረጃ ሠርተው፣ ድልድይ ዘርግተው እ.ኤ.አ. በ1885 መንገዱን ለሕዝብ ከፈቱ፤ ከሚገባውም ሰው ዋጋ መቀበል ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ባቡር ወደ መንደሪቱ ይደርስ ስለ ነበር የፋብሪካ ከተሞች ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ይመጡ ነበር። የመንደሪቱ ባቡር ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም የመግቢያው ዋጋ እስከ ዛሬ ይከፈላል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን የፏፏቴዎቹ ታላቅነት አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ እጅግ የሚታወቀው ቶርንተን ፎርስ ቁመቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የእኛ ጢስ እሳት ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። የኢንግልተን ብልሃት በመንገዱ አሠራር ላይ ነው። መንገዱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአንደኛው ወንዝ ወጥቶ በሁለተኛው ይወርዳል፤ ስለዚህ ተጓዡ ከመንደሪቱ ተነሥቶ ተመልሶ እዚያችው መንደር ይገባል። ጠዋት ዳቦ የገዛበት ሰው ከሰዓት በኋላ ምሳ ይሸጥለታል ማለት ነው።

ቡልቡላ ምን አለው? ወንዙ የሚነሣው መቂና ከታር ከሚገቡበት ከዝዋይ ወይም ደምበል ሐይቅ ሲሆን የሚያበቃው በአቢጃታ ሐይቅ ነው። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር፣ አቢጃታ ደግሞ 1,578 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር የሚወርደው 60 ሜትር የማይሞላ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ቡልቡላ እያዘገመ የሚሄድ ወንዝ ነው እንጂ ስመ ጥር ፏፏቴ የለውም። ፏፏቴ እናሳያለን ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ቢኖር ደንበኛውን አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ሁለተኛ አያገኘውም።

እውነተኛው ሀብት ያለው በወንዙ ግራና ቀኝ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝናቡ ከዛሬው በበረታበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። ያ ሐይቅ ሲጎድል አራቱ ተለያዩ፤ የቡልቡላ ወንዝም ደርቆ በቀረው የሐይቅ ወለል ላይ እየቦረቦረ መንገዱን አበጀ። በዚህም የተነሣ ወንዙ በቈረጠው ገደል ላይ የጥንቱ ሐይቅ ደለል፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ቀላል ድንጋይ፣ እንዲሁም በዐይን ከማይታዩ የውኃ ውስጥ ፍጥረታት ቅርፊት የተጠራቀመ ነጭ አፈር በየተራ ተነባብረው ይታያሉ። የምድር ታሪክ ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር ድረስ መጥተው የሚያጠኑትን ይህን ገደል የአካባቢው ሰው በየቀኑ ከብቶቹን እየነዳ ያልፈዋል። ጥቂት ነገር የሚያስረዳ መንገድ መሪ ቢኖር ይኸው ገደል ብቻውን የግማሽ ቀን ጉዞ ይበቃዋል።

በወንዙ መጨረሻ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። አቢጃታ መውጫ የሌለውና ጨዋማ ሐይቅ ስለ ሆነ በፍላሚንጎ ወፎች ይታወቃል፤ ከላንጋኖ የሚመጣው ሆራ ከሎም እንደ ቡልቡላ ሁሉ ወደ እርሱ ይገባል። ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ይብራዎች ግን ዓሣ የሚፈልጉት በዚያ ሐይቅ አይደለም። ቀድሞ ወደ አቢጃታ ይበሩ ነበር፤ የአቢጃታ ዓሣ ካለቀ በኋላ እስከ ዝዋይ ድረስ መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። ወፎቹ ለምን ገበያ እንደ ለወጡ ወደ ኋላ ይነገራል።

ለእንደዚህ ያለው ጉዞ የሚያስፈልገው ወጪ ብዙ አይደለም። ባለ ሱቁ የታሸገ ውኃ፣ ዳቦ፣ የፀሐይ ባርኔጣና የእጅ ባትሪ ቢይዝ ይበቃዋል። አስመጪውም ጠንካራ ጫማና ወፍ መመልከቻ መነጽር በጥቂቱ ሊሞክር ይችላል፤ ድንኳን ግን የሚጠይቅ ሰው ሳይገኝ ባይከማች ይሻላል። ከአገር ውጭ የሚመጣው ተጓዥ ይዞት የሚገባው የውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ዕቃው ከአገር ሳይወጣ የሚከናወን የወጪ ንግድ ነው። ይህን አስቀድመው የተረዱት፣ በ1950ዎቹ ዓመታት የአገሪቱን የቱሪዝም ሥራ የመሠረቱትና «የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን መጠሪያ ያወጡት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው።

የሚያስቸግረው የማለፊያ መብት ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሕግ የእግር መንገዶች በካርታ ተመዝግበው ለሕዝብ እንዲጠበቁ አድርጓል። በቡልቡላ ዳር ግን ተጓዡ የሚረግጠው የገበሬ ማሳና የከብት መዋያ ነው። ስለዚህ ከቀበሌውና ከባለ ይዞታዎቹ ጋር አስቀድሞ መስማማት፣ ከሚገኘውም ገንዘብ ድርሻቸውን መስጠት ያስፈልጋል። በዝዋይ አካባቢ ቢልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነውና እንግዳው በወንዙ ዳር ይሄዳል እንጂ እንዳይገባበት መንገር የመንገድ መሪው ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው ወንዙ የፈሰሰ እንደ ሆነ ነው። ጢስ እሳት በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። በፏፏቴው ዘንድ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሲቋቋም የወሰደው ውኃ መጠነኛ ነበር። 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን አብዛኛው ውኃ ከፏፏቴው በላይ ወደ ቦዩ ዞረ፤ በበጋ ወራት ለማየት የመጣው እንግዳም ቀጭን ውኃ በጥቁር ድንጋይ ላይ ሲወርድ አይቶ የሚመለስበት ጊዜ ሆነ። መብራቱ ለአገር እንደሚያስፈልግ የሚክድ የለም፤ ነገር ግን በፏፏቴው ስም ይተዳደሩ የነበሩት መንገድ መሪዎችና ባለ ሻሂ ቤቶች በሒሳቡ ውስጥ አልገቡም ነበር።

የቡልቡላ ሁኔታ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ውኃው የሚጎድለው በአንድ ቦይ ሳይሆን በብዙ እጅ ነው። የመቂና የከታር መስኖ፣ በሐይቁ ዳር ያሉት የአትክልትና የአበባ እርሻዎች፣ የባቱ ከተማ ሕዝብ ሁሉም ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ከሐይቁ ተርፎ የሚፈሰው ነው ቡልቡላ የሚባለው። ከዚያም ላይ በወንዙ ዳር ያሉት ፓምፖች ይስባሉ። አቢጃታ ባለፉት አምሳ ዓመታት ግማሽ ያህል ስፋቱን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ የተቀዳው ውኃም ጉዳቱን አብሶታል። ውኃው ሲቀንስ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ፣ ይብራዎቹም ፊታቸውን ወደ ዝዋይ አዞሩ።

ለነጋዴው ነገሩን ቀላል የማያደርገው፣ ውኃውን የሚስበው ገበሬ ራሱ ደንበኛው መሆኑ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጥለት፣ ነዳጅና የፓምፕ መለዋወጫ የሚገዛው እርሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡልቡላ የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ግብዓቱን የሚጠብቀው ከእርሻ ነው። ስለዚህ ፓምፕ የሚያስመጣው ነጋዴና ለእግረኛ ምሳ የሚያሰናዳው ባለ ሆቴል የሚተዳደሩት በአንድ ወንዝ ነው። ስለ ሐይቁ ውኃ አከፋፈል ምክክር በሚደረግበት ቦታ ገበሬውና ባለ እርሻው ሲገኙ ባለ ሱቁም ቢገኝ አግባብ ነው፤ እስከ ዛሬ የእርሱ ድርሻ ተሰልቶ አያውቅምና።

የጉዞ ወቅት ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው የዝዋይ ሐይቅ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት እንደሚሞላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል በሰኔ ገደማ ደግሞ እጅግ እንደሚጎድል ማወቅ አለበት። ወንዙም የሐይቁን ተከትሎ ይሞላል፣ ይጎድላልም። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት ለወንዝ ዳር ጉዞ የተሻሉ ናቸው። በሚያዝያና በግንቦት ለሚመጣ እንግዳ ግን የገደሉን አፈርና የሐይቁን ወፎች ማሳየት እንጂ ስለ ውኃው ተስፋ መስጠት አይገባም፤ ዋጋውም ከጥቅምቱ ቢያንስ ነው የሚሻለው።