የመሐንዲሱ ዕዳና የጠፋው ደረሰኝ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት መሐንዲስ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣና «ጋሼ፤ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» አለን። ወረቀቱ ከአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የተላከ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል እንደ ተሰጠው ይገልጽና፣ የታሸገ ትራንስክሪፕት ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ እንዲላክ ያሳስባል። ቀኑ ሊያልፍ የቀረው 12 ቀን ብቻ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ! ታዲያ ምን ቸገረህ?» ብንለው ራሱን ነቀነቀ። ሬጅስትራሩ የወጪ መጋራት ዕዳውን መክፈሉን የሚያስረዳ ደብዳቤ ካላመጣ ትራንስክሪፕቱ እንደማይላክ ነግሮታል። እርሱ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ከደመወዙ በየወሩ ሲቆረጥበት ኖሯል። የተቆረጠው ገንዘብ የት እንደ ገባ ግን መሥሪያ ቤቱ ሊነግረው አልቻለም። ይቆርጥ የነበረው የሒሳብ ሠራተኛ ተዛውሯል፤ መዝገቡ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ልጁም በእጁ አንዲት ደረሰኝ እንኳ አልያዘም።

የዛሬውን ጽሑፍ ያስጻፈን ይህ ነው። የሳይንስና የምሕንድስና ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ ስለ መማራቸው ሲነሣ፣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ዕድሉ እንዴት እንደሚገኝ ነው። ከዕድሉ ጋር ስለሚፈረመው ውል የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

እንደሚታወቀው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ ቀጥሎም በ1940ዎቹ መካከል የኢንጂነሪንግ ኮሌጁና ከስዊድን ጋር በመተባበር የሕንፃ ኮሌጁ ሲቋቋሙ፣ ትምህርቱ ለተማሪው በነፃ ነበር። አገሪቱ መሐንዲስና የሳይንስ መምህር እጅግ ያስፈልጋት ስለ ነበር፣ ተማሪውን አስከፍላ ማስተማር የማይታሰብ ነው። ደግሞም የሳይንስ ትምህርት ውድ ነው። የሕግ ተማሪ መጽሐፍና መብራት ካገኘ ይማራል (የሕግ ወዳጆቻችን ይቅር ይበሉን)፤ የኬሚስትሪ ተማሪ ግን አሲዱ፣ ብርጭቆው፣ ሚዛኑ ሁሉ ሊገዛለት ይገባል። የተሰበረውም ይተካለታል።

እንዲህ ያለው ወጪ ምን እንደሚያፈራ ለማየት የፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ከወለንኮሚ አካባቢ የተነሡት እኒህ ሰው በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ይጓዙ ነበር። ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ አልፈው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ ወደ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። አቀንጭራ የሚባለውን፣ የማሽላን ሥር መጦ የገበሬውን ድካም ከንቱ የሚያደርገውን አረም የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማስገኘታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ያ በእግሩ የሚመላለስ ልጅ በየደረጃው ክፍያ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ከወለንኮሚ ባላለፈ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ አዘዘ። የሚከፍለው ግን ሲገባ ሳይሆን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ቀጣሪው ቢያንስ ከገቢው 10 በመቶውን እየቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው ክፍል ገቢ ያደርጋል። ለምሳሌ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ መሐንዲስ በወር 900 ብር ይቆረጥበታል ማለት ነው። ተማሪዎች «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት ይኸው ነው።

እኛ ይህን አሠራር በመሠረቱ አንነቅፍም። ልጁን ከደሃ ቤት ሳያስቀር ያስገባዋል፤ ሲሠራ ያስከፍለዋል። የሚቀርብን ቅሬታ ሌላ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ሲያደርግ፣ ብዙ ወጣት ሳይመርጠው ወደ ምሕንድስና ገባ። ምሕንድስና ደግሞ 5 ዓመት ይፈጃል፤ የአምስት ዓመት እንጀራና አልጋ ይቆጠርበታል። ባልመረጠው ትምህርት የበለጠ ዕዳ የተሸከመ ሰው ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝነት አዋጅ ከወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህም፣ ከፍሎ መማር ለማይችል ጎበዝ ልጅ የሚሆን ነፃ ቦታ ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ ከፊት ይልቅ ከብዷል።

ወደ ውሉ እንመለስ። ተማሪው በየዓመቱ ቅጹን የሚፈርመው በምዝገባ ሰልፍ መካከል፣ ከኋላው ጓደኞቹ «ቶሎ በል እንጂ!» እያሉት ነው። በቅጹ ላይ የተጻፈውን የብር ልክ አንብቦ የሚያስታውስ ስንቱ ነው? ከካፌ የማይመገበውና የምግቡን ገንዘብ በእጁ የሚቀበለው ተማሪም፣ ያ ገንዘብ እንደ ስጦታ ሳይሆን በዕዳው ላይ እንደሚጻፍ ሁልጊዜ ልብ አይለውም። ስለዚህ ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቅጹን ሲፈርሙ አንድ ግልባጭ ይያዙ፤ የየዓመቱንም ልክ በማስታወሻ ደብተር ይጻፉ። ሥራ ሲይዙም የመጀመሪያው ቅናሽ ከተደረገበት ወር ጀምሮ የደመወዝ ማስረጃቸውን ያስቀምጡ። ምጣኔው በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል፣ ከጓደኛ የሰሙትን ሳይሆን ራሳቸው የፈረሙትን ውል ይመኑ።

ለወጣት ሹማምንት ደግሞ የምንለው አለን። ከመምሪያው ሠራተኛ ደመወዝ ላይ የተቆረጠው ገንዘብ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። በወሩ ገቢ መደረግ አለበት፤ የገቢው ደረሰኝም በሠራተኛው የግል ማኅደር ውስጥ መግባት አለበት። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አሥሩ ደቂቃ ሲታለፍ የሚጎዳው ግን ሹሙ ሳይሆን፣ ከብዙ ሺህ ተወዳዳሪ መካከል ተመርጦ ሻንጣውን ያዘጋጀው ልጅ ነው። ሬጅስትራሩንም ቢሆን ብዙ አንወቅስም፤ ማስረጃ አምጣ ማለቱ ሥራው ነው።

ወጣቱን መሐንዲስ ይዘን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። የመጀመሪያው ቀን «ነገ» ተባልን፤ ሁለተኛው ቀን ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአምስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት መዝገብ ቤት ሠራተኛ «ልጄ፤ የድሮው ወረቀት እኮ ከደረጃው ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ ነው» አሉት። ካርቶኑ ተዘርግፎ የ36 ወሩ ደረሰኝ አንድ በአንድ ተለቀመ። ሁለት ወር ጎደለ፤ የእነርሱን ከራሱ ኪስ ከፈለ። ከተከፈለው ውጭ የቀረውንም ዕዳ ከዘመዶቹ ተበድሮ ዘጋው። ደብዳቤው ተጽፎ ማኅተም ያዡ ከምሳ እስኪመለስ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ትራንስክሪፕቱ የተላከው ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ልጁ ደብዳቤውን ለሬጅስትራሩ ከማስረከቡ በፊት ግን ከበሩ አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ሦስት ቅጂ አስነሣ፤ አንዱንም እኛ ዘንድ አስቀመጠ።